ወረቀት ያለው ውሻ፦ የዘር መዝገብ ከየት መጣ፣ እንዴት ይሠራል?

(ጎንደር ላይ ለውሻ አርቢዎች፣ ለእንስሳት ሐኪሞችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን የውሻ ወረቀት ነው። ቡችላ የሚሸጥ ሰው፣ ፒያሳም ይሁን አዘዞ፣ ዋጋውን ከጠራ በኋላ «ወረቀት አለው» ማለት ይወዳል። ገዢው ገልጦ ሲያየው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደብተር ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ጥሩ ነገር ነው፤ ያለ እሱ ውሻ አትግዙ። ግን ውሻው መከተቡን እንጂ የማን ልጅ መሆኑን አይነግራችሁም። «ዝርያ» በሚለው መስመር የተጻፈውም ባለቤቱ ለሐኪሙ የነገረው ነው። ሐኪሙ አላጣራም፤ ማጣራትም ሥራው አይደለም።

የዘር ማስረጃ ከጀርባው መዝገብ ያለው ወረቀት ነው። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ውሻ ስም፣ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ ቀለም፣ አባትና እናት ይይዛል። አባትና እናትም እዚያው ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይቀጥላል። ሦስት ትውልድ የሚያሳይ ማስረጃ 14 ስም አለው፤ አምስት ትውልድ የሚያሳይ ደግሞ 62። መዝገቡ የሚመሰክረው ይኸንኑ ብቻ ነው። ውሻው ጤነኛ ነው፣ ጎበዝ ዘበኛ ይወጣዋል፣ ልጅ አይነክስም የሚል ቃል የለበትም። ምስክርነቱም ቢሆን የተነገረውን ያህል ነው፤ አርቢው ከዋሸ መዝገቡም ይዋሻል። ስለዚህ አንድን መዝገብ ከሌላው የሚለየው የወረቀቱ ማማር ሳይሆን የተነገረውን ቃል የሚፈትሽበት መንገድ ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ትንሽ ታሪክ እናንሣ። ለየብቻ ካላነሣሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መዝገብ በውሻ አልተጀመረም። እንግሊዝ ውስጥ ጄምስ ዌዘርቢ የእሽቅድምድም ፈረሶችን የዘር መዝገብ ያሳተመው በ1791 ነው። የሾርትሆርን ከብቶች መዝገብ በ1822 ወጣ። የውሻው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በውድድር በኩል ነው። በሰኔ 1859 ኒውካስል ከተማ የተደረገው ውድድር በሥርዓት የተዘጋጀ የመጀመሪያው የውሻ ውድድር ተብሎ ይቆጠራል፤ የቀረቡት ፖይንተርና ሴተር የሚባሉ የአደን ውሾች ብቻ፣ በቁጥር 60 ነበሩ። ውድድሩ በየከተማው ሲበዛ የስም ጣጣ መጣ። እኛ ዘንድ በየግቢው ቡቺ፣ ጃክና ቦቢ እንዳለው ሁሉ እዚያም ስሙ ቦብ የሆነ ውሻ ሞልቶ ነበር። «ባለፈው ዓመት የተሸለመው ቦብ» ሲባል የትኛው ቦብ? ውሻው ሲሸጥ ስሙ አብሮ ይቀየር ነበር፤ ያልተሸለመውን በተሸለመው ስም ለመሸጥም የሚያግድ ነገር አልነበረም።

በሚያዝያ 1873 ሴዋሊስ ሸርሊ የተባለ የፓርላማ አባል ከ12 ሰዎች ጋር ሆኖ ለንደን ላይ የኬኔል ክለብን አቋቋመ። በ1874 የወጣው የመጀመሪያ የዘር መዝገባቸው ከ1859 ጀምሮ በውድድር የታዩ 4,027 ውሾችን ይዟል። በ1880 ደግሞ ስም አስቀድሞ የማስመዝገብ ደንብ መጣ፤ አንድ ስም ለአንድ ውሻ ሆነ። ደንቡ መጀመሪያ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ለእኔ ግን የመዝገቡ እውነተኛ ልደት 1873 ሳይሆን ይህ 1880 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የታወቁ ውሾች ዝርዝር ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ግን መታወቂያ ነው። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ሁለቱን ለይተው ይይዛሉ፤ የተወለደ ቡችላ የሚገባበት መዝገብ አንድ፣ ውድድር ላይ ደረጃ ያገኘ ውሻ የሚጻፍበት ሌላ።

የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በመስከረም 1884 ተመሠረተ። በ1911 ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይና ኔዘርላንድ በአንድነት ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን፣ በምኅጻሩ ኤፍ.ሲ.አይ. የሚባለውን፣ አቋቋሙ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አፈረሰው፤ በ1921 ፈረንሳይና ቤልጂየም መልሰው አቆሙት። መቀመጫው ቤልጂየም ውስጥ ቱዊን ነው። ይህ ፌዴሬሽን ራሱ ለማንም ውሻ የዘር ማስረጃ አይሰጥም፤ ሰጪዎቹ በየአገሩ ያሉ አባል ክለቦች ናቸው፣ የእሱ ሥራ አንዱ የሌላውን ወረቀት እንዲቀበል ማድረግ ነው። «የኤፍ.ሲ.አይ. ማኅተም አለው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ የትኛው አገር ክለብ እንደጻፈው ጠይቁት። መልስ ከሌለው ወረቀትም የለውም።

እዚህ ብዙ ሰው የሚፈልገው የጀርመን ሸፐርድም የተወለደበት ቀን የታወቀ ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ ሚያዝያ 22 ቀን 1899 ማኅበሩን መሠረተና ሆራንድ ፎን ግራፍራት የተባለውን ውሻ ቁጥር 1 አድርጎ መዘገበው። ይህን የምጠቅሰው ያ መዝገብ ሲጀመር ክፍት እንደነበረ እንድታስታውሱ ነው፤ ከተለያዩ የጀርመን አውራጃዎች የመጡ የእረኛ ውሾች ነበሩ የሚገቡበት።

አሁን አሠራሩን እንይ፤ ሰፊው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሴቷ ከመጠቃቷ በፊት ነው። የሁለቱም ውሾች ቺፕ፣ ማለትም ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ቁጥር ያዘለ ቅንጣት፣ በማንበቢያ ይነበብና በማስረጃቸው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ዕድሜያቸው ይታያል። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ያለ ዳሌው የሚታመም ዝርያ ከሆነ የዳሌ ራጅ ይጠየቃል፤ ራጁ የሚነሣው ውሻው 12 ወር ከሞላው በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት የተነሣው ብዙ አያሳይም። በኤፍ.ሲ.አይ. አሠራር ውጤቱ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ይሰጣል፤ «ኤ» ጤነኛ ነው።

በሚጠቃበት ቀን ቅጽ ይሞላል። የሁለቱ ስምና ቁጥር፣ ቀኑ፣ የወንዱ ባለቤት ፊርማ። በሁለት ቀን ልዩነት ከተደገመ ሁለቱም ቀን ይጻፋል። የወንዱ ባለቤት ፊርማ ዋና ነው፤ ያለ እሱ አርቢው የፈለገውን የታወቀ ውሻ አባት አድርጎ ሊጽፍ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ብዙ መዝገብ የሚበላሽባቸው ናቸው። ሴቷ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ከመጀመሪያው ደም ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሰው ደሙ ሲቀጥንና ሲገረጣ «አለቀላት» ብሎ ይፈታታል። የምትፀንሰው ግን በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው። የወንዱ ዘር ማሕፀን ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ሰኞ ከተመረጠው ወንድ፣ ሐሙስ አጥር ዘሎ ከገባው የሰፈር ውሻ ብትጠቃ በአንድ ወሊድ የሁለት አባት ልጆች ልትወልድ ትችላለች። እዚህ ከተማ ውስጥ ልቅ የሚሄደው ውሻ ብዛት ሲታይ ይህን እንደ ሩቅ ነገር አትቁጠሩት። መፍትሔው ቆርቆሮ በር ያለው ክፍል ነው፤ የሽቦ አጥር ወንድ ውሻን አያቆምም።

እርግዝናው በአማካይ 63 ቀን ነው። ከጥቃቱ ቀን ሲቆጠር ግን ከ57 እስከ 72 ሊደርስ ይችላል፤ ምክንያቱም የተጠቃችበትና የፀነሰችበት ቀን አንድ ላይሆን ይችላል። መዝጋቢው የሁለቱን ቀን ልዩነት ማስላት አለበት። 80 ከመጣ አንዱ ቀን ስሕተት ነው፣ ወይም አባትዬው ሌላ ነው። ይህ ስሌት ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያስፈልገው ቅጹን የተቀበለው ሰው ቆጥሮ እንዲያይ ብቻ ነው።

ወሊዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይነገራል፦ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ሞቶ ተወለደ፣ ቀለማቸው። ሞቶ የተወለደው ለምን ይጻፋል የሚል አለ። ቁጥሩ በኋላ እንዳያድግ ነው። አምስት ቡችላ ወልዳ ለሰባት ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ሁለቱን ትርፍ ወረቀት ከሌላ ቦታ ላመጣው ቡችላ ሊያደርጋቸው ነው።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቡችሎቹ ከእናታቸው ሳይለዩ፣ ሐኪም ወይም ተቆጣጣሪ ሄዶ ይቆጥራቸዋል፣ ቺፕም ያስገባል። ቺፑ 12 ሚሊሜትር ርዝመትና 2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳ ሥር ይገባል። አይ.ኤስ.ኦ. 11784 እና 11785 የሚባሉትን መመዘኛዎች የሚያሟላ መሆን አለበት፤ በ134.2 ኪሎኸርዝ ይነበባል፣ ቁጥሩም 15 አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የአገር ወይም የአምራች መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ የአገር መለያ 231 ነው፣ ከ900 ጀምሮ ያለው ግን የአምራች ነው። ስለዚህ በ900ና ከዚያ በላይ በሚጀምር ቁጥር ውሻው የየት አገር እንደሆነ አይታወቅም፤ ከቁጥሩ ተነሥቶ «ከአውሮፓ የመጣ ነው» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ይዋሻል።

ቺፑን ሦስት ጊዜ አንብቡት፦ ሳይከፈት በማሸጊያው ውስጥ፣ ከገባ በኋላ፣ ቅጹ ሲሞላ። ቁጥሩን በእጅ አትገልብጡ፤ ከማሸጊያው ጋር የሚመጣውን ተለጣፊ ቅጹ ላይ ለጥፉት። 15 አሃዝ በእጅ ሲገለበጥ አንዷ ትዘላለች፣ ውሻውም ከዚያ ወዲያ በወረቀት ላይ የለም። ሌላው ነገር፣ ቺፕ ከቦታው ይሸሻል። ትከሻው መካከል ካልተገኘ አንገቱን፣ ሁለቱንም ትከሻ፣ የፊት እግሮቹን እስከ ክርናቸው ፈትሹ። ሳትፈትሹ ሁለተኛ ቺፕ ያስገባችሁ እንደሆነ አንድ ውሻ ሁለት መታወቂያ ይኖረዋል።

አባትነትን በእርግጥ የሚፈትሸው ዲኤንኤ ነው። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ እንጨት ናሙና ይወሰዳል። ቡችላ ጡት እንደጠባ ከተወሰደ የእናትየው ሴሎች ይቀላቀሉበታል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ከእናቱ መለየት ይበቃል። ላቦራቶሪው የቡችላውንና የወላጆቹን ዲኤንኤ ወደ 20 በሚጠጉ ቦታዎች ላይ ያነጻጽራል። በአንድ ቦታ ብቻ አለመስማማት በተፈጥሮ ለውጥ ሊመጣ ስለሚችል ወዲያው አያስወጣም፤ በሁለትና ከዚያ በላይ ካልተስማማ ያ ወንድ አባት አይደለም። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ወንድማማች ውሾች ከሆኑ ግን 20ው ቦታ ላይለያቸው ይችላል፤ ተጨማሪ ቦታ እንዲታይ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ስለ ስም። አርቢው የራሱን የቤት ስም ያስመዘግባል፤ እሱ ያረባቸው ሁሉ ያን ስም ይዘው ይጻፋሉ፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። እኛ አገር ስሙ ከፈረሱ ወደ ጌታው ነበር የሚሻገረው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በውሻ መዝገብ ስሙ ከጌታው ቤት ወደ ውሻው ይወርዳል፤ ውሻው ቢሸጥም አይለወጥም። ሲሸጥ የሚለወጠው የባለቤት መስመር ብቻ ነው፣ ያም በሻጩ ፊርማ።

በአማርኛ የሚያዝ መዝገብ የራሱ ጣጣ አለበት። አንዱ ጸሐፊ «ዓለሙ» ያለውን ሌላው «አለሙ» ካለው፣ «ፀሐይ» የተባለችው ውሻ በሌላ ወር «ጸሀይ» ተብላ ከተጻፈች፣ ኮምፒዩተሩ ሁለት ባለቤት፣ ሁለት ውሻ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ፍለጋ ሁልጊዜ በቁጥር ይሁን፤ ስም ለማመሳከሪያ ብቻ። የባለቤት ስም እስከ አያት፣ ከስልክና ከቀበሌ ጋር ይጻፍ።

የቀን አቆጣጠሩ ከዚህ ይከፋል። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ቡችላ በአውሮፓው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 ነው። 12 ወር ብቻ ያለው ቅጽ ጳጉሜንን አያውቃትም፤ ጸሐፊው ወይ ነሐሴ ወይ መስከረም ያደርጋታል፣ የእርግዝናው ስሌትም ይፈርሳል። ዓመቱን በአገራችን ጽፎ አቆጣጠሩን ያልገለጸ ደግሞ ውሻዋን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጃታል። የብሪታንያው ክለብ እናትየው 8 ዓመት ካለፋት በኋላ የወለደቻቸውን አይመዘግብም፤ እንዲህ ባለ ደንብ ሥር ገና የአንድ ዓመት ውሻ በወረቀት ላይ አሮጊት ሆና ትባረራለች። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ደንቡን ካነሣሁ አይቀር፣ ያው ክለብ ከአንዲት ውሻ ከአራት ወሊድ በላይ አይመዘግብም፤ ከ2009 ጀምሮም ወላጅ ከገዛ ልጁ ወይም እኅት ከወንድሟ ተገናኝተው የወለዷቸውን ቡችሎች አይቀበልም። ይህ የሚያስደንቀው እስከዚያ ድረስ ይቀበል ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ትልቁ ችግር እንገባለን። እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ዘመድን ከዘመድ ለማራቅ ነው። የተዘጋ የውሻ መዝገብ የሚቆጥረው ከውስጥ ለመዳር ነው፤ ወላጆቹ እዚያ ያልተጻፉ ውሻ አይገባም። ዝምድናውን በቁጥር የሚያሰላውን ዘዴ ሰውል ራይት የተባለ አሜሪካዊ የዘር ተመራማሪ በ1922 አውጥቶታል። ከአባት እስከ ጋራ አያታቸው ያለውን ደረጃ ቁጠሩ፣ ከእናትም እንዲሁ፤ ደምሩና 1 ጨምሩ፤ ግማሽን በዚያ ቁጥር ልክ በራሱ አባዙት። በአንድ ወላጅ ብቻ ለሚገናኙ እኅትና ወንድም 1 እና 1 ሲደመር 1 ሦስት ነው፤ ውጤቱ 12.5 በመቶ። የጋራ አያቶች ሁለት ከሆኑ ለየብቻ ተሰልቶ ይደመራል፦ ሙሉ እኅትና ወንድም 25 በመቶ፣ የአጎት ልጆች 6.25 በመቶ። ሰባት ቤት ርቀው በአንድ ባልና ሚስት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች ቢጋቡ ለልጃቸው የሚወጣው ከ16,384 አንድ ነው። ሽማግሎቻችን ቀመሩን ሳያውቁ ከውሻ አርቢዎቹ የተሻለ ቁጥር ላይ ቆመው ነበር።

የተዘጋ መዝገብ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ዳልማሺያን ነው፣ ያ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ያለው። መዝገቡ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ በተበላሸ ዘረ መል የተነሣ ዩሪክ አሲድ በሽንታቸው ይበዛባቸው ነበር፣ በዚህም ፊኛቸው ውስጥ ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። ጉድለቱ የሌለበት ውሻ መዝገቡ ውስጥ አንድም ስላልነበረ በምርጫ ማስወገድ አይቻልም ነበር። በ1973 ሮበርት ሻይብል የተባለ አሜሪካዊ የዘር ተመራማሪ አንድ ጊዜ ብቻ ከፖይንተር ጋር አዳቀለና ልጆቹን ትውልድ በትውልድ መልሶ ከዳልማሺያን ጋር አገናኘ። በየትውልዱ የፖይንተሩ ድርሻ በግማሽ ይወርዳል፤ ከአሥር ጊዜ በኋላ በአማካይ ከ2,048 አንድ ነው፣ ጤነኛው ዘረ መል ግን እየተመረጠ ይቀጥላል። የአሜሪካው ክለብ በ1981 ሁለቱን መዘገበ፤ የዝርያው ማኅበር አባላት ሲቃወሙ ቆመ። በሩ እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በሽተኛው ንጹሕ ጤነኛው ክልስ ተብሎ ቆየ።

ባሰንጂ ደግሞ የራሳችን አህጉር ውሻ ነው። ከኮንጎ በ1930ዎቹ ወደ እንግሊዝ በተወሰዱ ጥቂት ውሾች ላይ የተመሠረተ ስለነበር ፋንኮኒ የሚባል የኩላሊት በሽታ ተስፋፋበት። በ1990 የአሜሪካው ክለብ መዝገቡን ከፍቶ ከዛየር፣ ከዛሬዋ ኮንጎ፣ በአዲስ የመጡ ውሾችን አስገባ። ወረቀት የሌላቸው የመንደር ውሾች ወረቀት ያለውን ዝርያ ለመታደግ ተጠሩ ማለት ነው።

ታዲያ ወደ ጎንደር ስንመለስ፣ «የሀበሻ ውሻ» ብለን የምንንቀው፣ ወገራና ዳባት በግ የሚጠብቀው ውሻ መዝገብ ሊኖረው ይችላል? ይችላል፤ ምሳሌም አለው። ሩዶልፊና ሜንዝል ከ1930ዎቹ ጀምሮ በፍልስጤም ምድር ልቅ የሚኖሩ ውሾችን እየሰበሰበች፣ እያረባችና ልጆቻቸውን እየመረመረች ዛሬ የከነዓን ውሻ የሚባለውን አስመዘገበች፤ ኤፍ.ሲ.አይ. በ1966 ተቀብሎታል። ፌዴሬሽኑ ለአዲስ ዝርያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ ስምንት የዘር መስመር ነው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ 2 ወንድና 6 ሴት ያለው፣ መስመሮቹም በሦስት ትውልድ ውስጥ የማይገናኙ።

ነገር ግን ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚጽፉት የመልክ መመዘኛ ነው፤ ጆሮው ይቁም፣ ጭራው ይጠምዘዝ፣ ቀለሙ ቀይ ይሁን። ይህ ከኋላ መጀመር ነው። መልክ ስትመርጡ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ የሚቀሩት ጥቂቶች ዘመዳም ይሆናሉ። መጀመሪያ ቺፕ፣ የተገኘበት ቀበሌ፣ ከፊትና ከጎን የተነሣ ፎቶ፣ የትከሻ ቁመት፣ የሚሠራው ሥራና የዲኤንኤ ናሙና ይቀመጥ። የመልኩ ነገር ለብዙ ዓመት ቢቆይ ምንም አይጎድልም።

ደባርቅና ከዚያ ወዲያ ለሚሰበሰቡት አንድ ነገር ይጨመር። ስሜን ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ ቫይረስ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮው ይተላለፋሉ፤ ባሌ ላይ ደግሞ ቀበሮው ከውሻ ጋር መዳቀሉ ተረጋግጧል። በፓርኩ ዙሪያ ያለ ውሻ ሁለቱን ክትባት ሳይወስድ አይመዝገብ፤ ዲኤንኤውም የቀበሮ ደም እንዳለበት ይታይ። ካለበት ለመዝገቡ አይሆንም፤ መረጃው ግን ለፓርኩ ሰዎች ይድረስ።

በመጨረሻ ከተሰብሳቢው የቀረበው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «አባቱ የማይታወቅ ጥሩ ውሻ አለኝ፤ ይገባል ወይስ አይገባም?» ይገባል፣ ግን በተጓዳኝ መዝገብ ነው። የአባት መስመር ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል፤ ግምት አይጻፍም። ልጆቹ ወላጆቻቸው ታውቀው አንድ ትውልድ ይሆናቸዋል፣ የልጅ ልጆቹ ሁለት፣ ከዚያ የሚቀጥሉት ሦስት። ሦስት ትውልድ የሞላለት ወደ ዋናው መዝገብ ይሻገራል። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ቢጠቁ ከመጀመሪያው ወሊድ እስከ ሦስተኛው ትውልድ ከአራት ዓመት ትንሽ በላይ ይወስዳል። እስከዚያው የውሻችሁን የጉንጭ ናሙና ደረቅ ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት። እርጥብ ሳለ ላስቲክ ውስጥ ከታሸገ ይሻግታል።